«ሞዴስ ቢሮ»፦ የዩኒቨርሲቲያችን የሥርዓተ ፆታ ቢሮ በአንዲት ተገልጋይ ዓይን

ብዙ ጊዜ የምጽፈው ስለ ጁስ ቤት፣ ስለ ሞባይል ጠጋኝና ስለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አንድ ቦታ ገንዘቤን ወይም ጊዜዬን ከወሰደብኝ ኮከብ እሰጠዋለሁ፣ አለዚያም እነሳዋለሁ፤ ልማዴ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በውስጥ መስመር «እህቴ፣ የጂንደር ቢሮ እውነት ይሠራል ወይስ ለይስሙላ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንደ ጁስ ቤቱ ልገምግመው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ የሦስተኛ ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ለሰባት ሳምንት ተመላልሼበታለሁ። የምናገረው ያኔ ያየሁትን ነው።

ከቦታው ልጀምር። የቢሮው ሙሉ ስም በሩ ላይ በሦስት መስመር ተጽፏል፤ ተማሪው ግን «ሞዴስ ቢሮ» ነው የሚለው። በየወሩ መጨረሻ ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ የሚታደለው እዚያ ስለሆነ ነው። ለችግረኛ ሴቶች የኪስ ገንዘብ፣ ለፍሬሽ ተማሪዎች ቲቶሪያል፣ ለማርች 8 ቲሸርትና ቡና፣ ይህን ሁሉ ይሠራሉ፤ ደህና አድርገውም ይሠሩታል። ፍሬሽ እያለሁ ፊዚክስ ያለፍኩት በእነሱ ቲቶሪያል ነው። ለዚህኛው ሥራቸው አራት ኮከብ። (ቲሸርቱ ሁልጊዜ ኤክስ ኤል ነው። ማንን ለክተው እንደሚያሰፉት እስከ ዛሬ አልገባኝም።)

ችግሩ በሩ ነው። በሩ የሚከፈተው የካፌ ካርድ ከሚታደስበት መስኮት ፊት ለፊት ነው። ሰኞ ጠዋት እዚያ መስኮት ላይ የሚሰለፈው ተማሪ እስከ ደረጃው ድረስ ይደርሳል፣ ሥራ ፈትቶ ቆሟል፣ ማን የት እንደሚገባ ከማየት ሌላ የሚያደርገው የለም። በወሩ መጨረሻ ከገባሽ ለሞዴስ ነው፤ በአሥረኛው ቀን ከገባሽ ግን «ጉዳይ» አለሽ ማለት ነው። ዶርምሽ ሳትደርሺ ወሬው ቀድሞሽ ይጠብቅሻል። እኔ ሦስት ጊዜ በበሩ አልፌ ሄጃለሁ። በአራተኛው አጠገቡ ያለውን ማስታወቂያ ሰሌዳ የማነብ መስዬ ቆምኩና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ፕሮግራም ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ምን አገባኝ! ሰልፉ እስኪመናመን ነበር። ለቦታ አቀማመጥ ዜሮ። ለሚገቡ ሁሉ የምመክረው ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ15 ነው፤ ሰልፈኛው ምሳ ገብቷል፣ ቢሮው ግን ገና አልተዘጋም።

ለምን እንደገባሁ በአጭሩ። የአንድ ኮርስ ግሬድ ሲለቀቅ ከ62 ተማሪ የእኔ ብቻ ኤንጂ (ግሬድ የለም ማለት ነው) ሆኖ መጣ። ፈተናውን ተፈትኛለሁ፣ አሳይመንቱንም አስረክቤያለሁ። መምህሩን በቴሌግራም ስጠይቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10 ላይ «ወረቀትሽን አብረን እናየዋለን፤ ቢሮ ግን አይመችም» አለኝ። ቀን ስጠኝ ብዬ ብጽፍለት «ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ ግን ሰው አትቀርቢም» የሚል መጣ። ቀጥሎ የሆቴል ስም። ከዚያ በላይ አልዘረዝርም፤ የደረሰባት ታውቀዋለች፣ ያልደረሰባትም ይህች ትበቃታለች።

የቢሮዋ ባለሙያ ጥሩ ሰው ናቸው። ወንበር ሳቡልኝ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ተዉት (ይዝጉት ብዬ ለመንኩ፤ «ሙቀቱ» አሉኝ)። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማነው?» ወይም «ምን አለሽ?» አልነበረም።

«ጂፒኤሽ ስንት ነው?»

3.41 አልኳቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያውስ ግሬድ ፍለጋ አይደለም» አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም። በጊዜው ደስ አለኝ፤ ታመንኩ ብዬ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ሆዴን ቆረጠኝ። 2.1 ብልስ ኖሮ? እንዲህ ያሉ መምህራን እኮ ሰው መርጠው ነው፤ የሚመርጡትም ግሬዷ አፋፍ ላይ ያለችውን፣ ማስጠንቀቂያ ያለባትን፣ አንድ ኤፍ የሚያባርራትን ነው። ቢሮው ታማኝነትን የሚለካው በጂፒኤ ከሆነ በጣም የምትፈልገውን ልጅ ገና በሩ ላይ ጣላት ማለት ነው። ለዚች አንዲት ጥያቄ ሁለት ኮከብ ቀንሻለሁ።

ሁለተኛው ሐሳባቸው «ጠርተን እናናግረው፣ ይቅርታ ይጠይቅሽና ግሬድሽን ያስገባ፤ ስምሽም አይነሳ» የሚል ነበር። ከልባቸው ነው የሚሉት፤ ልጃቸውን ቢሆን እንደዚሁ የሚሉ ይመስለኛል። አባቴ በሰፈራችን የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት የባልና ሚስት ኩርፊያ በእሱ እጅ በርዷል፣ ሽምግልናን አልንቅም። ሽምግልና ግን ሁለቱም ወገን ተነሥቶ መሄድ ሲችል ነው። እኔ ተነሥቼ የት እሄዳለሁ? በሚቀጥለው ሴሚስተርም ሌላ ኮርስ የሚያስተምረን እሱ ነው። «እርቅ አልፈልግም፤ ማመልከቻዬ ይመዝገብልኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና መሳቢያቸውን ከፈቱ።

ከመሳቢያው የወጣው ቅጽ በእንግሊዝኛ ነው። ከቅጹ ሥር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የትንኮሳ መከላከያ መመሪያ ነበር፣ እሱም በእንግሊዝኛ፣ ጥግ ጥጉ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበት። «ማየት እችላለሁ?» አልኩ። «እዚሁ ሆነሽ» አሉኝ። ቆሜ አነበብኩት። ለማመን ትቸገራላችሁ፣ ጥሩ ሰነድ ነው! ስም በምስጢር መያዝ አለበት ይላል፣ ተከሳሹ ወገን የአመልካቿን ወረቀት እንዳያርም ይደረጋል ይላል፣ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ይህ ሁሉ መሳቢያ ውስጥ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች አንድ ገጽ ቢለጠፍ ምን ነበረበት? የእንስሳት ሕክምናን ፕሮግራም ከማነብ እሱን አነብ ነበር።

የመመሪያ ነገር እንዲሁ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ተርጉሞ በሥራ ቦታ ይከለክላል፤ ተማሪ ግን ሠራተኛ አይደለችም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 625 መምህርነቱን ወይም አለቅነቱን ተጠቅሞ በሴት ላይ ግብረ ሥጋ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ድርጊት የፈጸመን ሰው በአቤቱታዋ ላይ ተመሥርቶ በእስራት ይቀጣል፤ «መምህር» የሚለው ቃል በግልጽ ገብቶበታል። እኔ ላይ ግን ያ አልተፈጸመም። የተፈጸመው አንድ ኤንጂ፣ አሥራ አንድ የቴሌግራም መልእክትና አንድ የሆቴል ስም ነው። በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ያለችውን ልጅ በቶሎ የሚይዛት የዩኒቨርሲቲው የራሱ መመሪያና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የፀረ ትንኮሳ ፖሊሲ አውጥቷል፤ የእኛም አለው፣ ያው እንዳልኩት ሻይ ፈሶበታል።

ማስረጃ ተጠየቅኩ። እዚህ ላይ የተረፍኩት በዶርም ጓደኛዬ ነው። መልእክቶቹ በመጡ ምሽት «ቴሌግራም እኮ ከሁለቱም ወገን ይጠፋል» ብላ በራሷ ስልክ የእኔን ስልክ ስክሪን ፎቶ አንስታው ነበር። በሁለተኛው ቀን እውነትም ውይይታችን በሙሉ ከስልኬ ጠፋ፤ አንድም ፊደል አልቀረም። ፎቶው ላይ ግን ስሙ፣ የፕሮፋይል ምስሉ፣ ሰዓቱ፣ የባትሪዬ 11 በመቶ፣ የተሰነጠቀው የስክሪኔ ጥግ ሳይቀር ይታያል። በኋላ ከኮሚቴው አባላት አንዱ «ይህ ፎቶሾፕ ሊሆን ይችላል» ሲሉ ስልኬን አውጥቼ ስንጥቁን ከፎቶው ጋር አመሳከርኩላቸው። ለዚያ ስንጥቅ ማሠሪያ 1,800 ብር ተጠይቄ ተናድጄ ትቼው ነበር፤ እንኳንም አላሠራሁት።

ማመልከቻውን በእጄ ነው የጻፍኩት። በር ላይ ያሉት ጸሐፊ ቤቶች ያኔ በገጽ 20 ብር ይተይቡ ነበር፣ ግን ከኋላሽ የቆመው ሁሉ ስክሪኑን ያነባል። ሁለት ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። አገልግሎቱ በነጻ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ከፎቶ ኮፒና ከፎቶ ማሳጠቢያ ጋር 94 ብር ወስዷል። ለዋጋ አራት ኮከብ።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ። ይህን ሁሉ ጽሑፍ የጀመርኩት እዚህ ለመድረስ ነው።

መዝገብ ቤቱ ከቢሮው ሁለት በር አልፎ ነው፣ መስኮቱ ጠባብ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ። ያሉት ሴትዮ ዕድሜያቸው ከእናቴ ይበልጣል። ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው ወፍራሙን የገቢ መዝገብ በሁለት እጃቸው ይገልጣሉ። ማመልከቻዬን ተቀበሉኝ። አላነበቡትም፤ ርዕሱን ብቻ አዩና ወረቀቱን ገለበጡት፣ ጽሑፉ ወደ ታች እንዲሆን፤ ከኋላዬ ሁለት ልጆች ቆመው ነበር። ሙቀት የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ስለ ምስጢር መጠበቅ ስልጠና የለ፤ ወረቀት መገልበጥ ብቻ።

«ኮፒ አለሽ የኔ ልጅ?»

«ኮፒ ያስፈልጋል እንዴ?»

«ሂጂ አንሺ። እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። ኮፒሽ ላይ ሳላትምልሽ ከዚህ ግቢ እንዳትወጪ።»

ሮጬ ሄድኩ፤ ሮጬ ተመለስኩ። ዋናው ላይ «ገቢ» የሚለውን ማኅተም መቱ፣ ቁጥርና ቀን ጻፉ። ከዚያ ኮፒዬን ወስደው ያንኑ ማኅተም፣ ያንኑ ቁጥር፣ ያንኑ ቀን፤ በላዩ ላይ ቲተራቸውን (የስማቸውን ማኅተም)፣ በቲተሩ ላይ ፊርማቸውን። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። «ይችን ዶርም እንዳታስቀምጪ፤ ሰው ጋ አስቀምጪ» አሉኝ። ይሄው ነው። ስለ ጉዳዬ አንድ ቃል አልጠየቁኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። በዚያ ሕንጻ ውስጥ የተደረገልኝ ትልቁ ነገር ግን ይህ ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ማመልከቻውን ካስገባሁ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ባለሙያዋ አልነበሩም። የት ሄዱ? ቢሾፍቱ፤ ስልጠና ላይ። በምን ጉዳይ? በዩኒቨርሲቲዎች ስለሚፈጸም ፆታዊ ትንኮሳ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ዝግ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዲን ቢሮ ስሄድ ጸሐፊዋ ፋይል ስታገላብጥ ቆየችና «በስምሽ የገባ ማመልከቻ የለም» አለችኝ። እንደገና ጻፊ አለችኝ። እንደገና ብጽፍ ቀኑ ይቀየራል፤ የግሬድ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜም ያልቃል፣ «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» የሚለው ጥያቄም ይመጣል። ከክፍል ጓደኛዬ አክስት ቤት ያስቀመጥኩትን ኮፒ በማግስቱ ይዤ መጣሁና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁት። ማኅተሙን አየች፣ ቲተሩን አየች፣ ቁጥሩን በጣቷ ተከትላ አነበበች። «ትንሽ ጠብቂ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ማመልከቻው በ10 ደቂቃ ውስጥ ተገኘ። የት እንደነበር አልጠየቅኩም፤ ማን እንዳገኘውም አልነገሩኝም። ለመዝገብ ቤቱ አምስት ኮከብ ሙሉ ሰጠሁት፤ እንዲያውም ስድስት ቢኖር እላለሁ።

ከዚያ ነገሩ መሄድ ጀመረ። አምስት ሰው ያለው ኮሚቴ፣ ሁለቱ ሴቶች። ከወንዶቹ አንዱ ከመምህሩ ጋር አንድ ቢሮ የሚጋሩ ናቸው። ቆሜ ያነበብኩት መመሪያ ትዝ አለኝና «እርስዎ ቢነሱልኝ» አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር፣ አልዋሽም። ሰብሳቢዋ ወደ እሳቸው ዞረው «ትክክል ናት» አሉ፤ ሰውየው ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ጥያቄው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ግማሹ ደህና ጥያቄ ነበር። ግማሹ «ለምን መጀመሪያ መለስሽለት?» ዓይነት ነው። ግሬዴን የያዘ ሰው ሲጽፍልኝ ካልመለስኩ ለማን ልመልስ? ለኮሚቴው ሦስት ኮከብ፤ ሦስተኛዋ የሰብሳቢዋ የግላቸው ናት።

ውጤት፦ ወረቀቴ በሌሎች ሁለት መምህራን ታረመ፤ ኤንጂው ቢ ፕላስ ሆነ። መምህሩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ የእኛን ባች እንዳያስተምር ተደረገ። ይህን የሰማሁት ከክፍል ተጠሪያችን ነው፤ ለእኔ አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም። ሁለት ጊዜ ጠይቄ «ውስጣዊ ጉዳይ ነው» ተባልኩ። እሱ ቀጥሎ የነበረውን ዓመት አንድ ባች ዝቅ ብሎ አስተማረ፣ ከዚያ ለትምህርት ሄደ። ታናናሾቼን ሳስጠነቅቅ ከረምኩ፤ የቢሮውን ሥራ በዶርም ኮሪደር እኔ ስሠራ ማለት ነው። ለውጤት ሁለት ተኩል።

ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለች ዘመዴ ይህን ስነግራት የእነሱ ተማሪዎች ጠረጴዛ አውጥተው ግቢው መሃል እንደሚቀመጡ አጫወተችኝ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «የሎው ሙቭመንት» (ቢጫው ንቅናቄ) የተባለው የሴቶች መብት ንቅናቄም እንዲህ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተማሪውን በማወያየት ይታወቃል። የጠረጴዛው ጥቅም ይታየኛል፤ ሁሉም ሰው ስለሚቆምበት ማንም «ጉዳይ አላት» አይባልም። የእኛን ቢሮ ሞዴስ ማደሉ የሚያድነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እውነቴን ነው፣ ሞዴስ በየሳምንቱ ቢታደል ኖሮ ግማሹ የበሩ ችግር ይፈታ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ግምገማ ውጭ ነው። የተነካች፣ የተደፈረች ልጅ እባካችሁ በዚህ ቢሮ አትጀምር። ቅጽና ኮሚቴ ይደርሳሉ፤ ሰውነት አይጠብቅም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት ይዛ ወደ ሆስፒታል። አዲስ አበባ ከሆነች ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን አንድ ቦታ ያደረገ የአንድ መስኮት አገልግሎት አለው፤ ታሪኳን ለአራት ሰው አራት ጊዜ አትናገርም። ለሕግ ምክር ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያግዛል። የዩኒቨርሲቲውን ቢሮ ከዚያ በኋላ፣ ከሰው ጋር።

ስመረቅ ክሊራንስ ለማስፈረም 11 ቢሮ ዞርኩ። ላይብረሪ፣ ካፌ፣ ፕሮክተር፣ የስፖርት ዕቃ ክፍል (ኳስ ነክቼ አላውቅም)። ሞዴስ ቢሮ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የመጨረሻዋን ፊርማ ይዤ የመዝገብ ቤቷን እናት ላመሰግናቸው አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ ሄድኩ። ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረዋል አሉኝ፤ እዚያ ስሄድ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ። ቡናውን ለባልደረባቸው ትቼ ተመለስኩ።

በመስኮቱ ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጧል፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን። ከፊቴ አንዲት ቀጭን ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ ቆማለች፣ አንደኛውን በሁለተኛው ሸፍናዋለች። ተቀበላት፣ ዋናው ላይ መታ፣ ቁጥር ጻፈ፣ ወረቀቱን ጽሑፉ ወደ ላይ እንደሆነ ክምሩ ላይ ጣለው። ኮፒውን ሳያየው መለሰላት። ልጅቷ ዞረች።

«ወንድም፣ ኮፒውንስ?» አልኩት።

ኢርፎኑን አነሣ። «ካልጠየቁ አናደርግም።»

«ጠይቃለች» አልኩት። ልጅቷ አየችኝ፤ ወረቀቷን መልሳ በመስኮቱ አስገባችለት። ማኅተሙን መታላት። ቲተር የለውም፣ ገና አልተሠራለትም፤ በእስክሪብቶ ስሙን ጻፈላት። ስድስት ቢኖር ያልኩትን ኮከብ ወደ ሦስት ያወረድኩት እዚያው ቆሜ ነው።